በከል ልብሳቸው የሳቁት እናት፦ የወይዘሮ የዝናሽ ገብረ ሥላሴ ዜና ሕይወት

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ መቃብር ዙሪያ የቆማችሁ ዘመዶች፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ሥራችሁን ትታችሁ ከማለዳ ጀምሮ ከእኛ ጋር ያነባችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፤ እናታችን ወይዘሮ የዝናሽ ገብረ ሥላሴ አፈር ከመልበሳቸው በፊት በዚህ ዓለም እንዴት እንደ ኖሩ ጥቂት እንድናገር ታላቅ እህቴና ሽማግሌዎቹ ስላዘዙኝ፣ እኔ ልጃቸው ገብረ ሥላሴ ምንውየለት፣ የማውቀውንና ከሚያውቁት ጠይቄ የተረዳሁትን አነባለሁ። ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ።

ወይዘሮ የዝናሽ በድባጤ አቅራቢያ፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ፣ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች በ1870 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት ተወለዱ። አባታቸው ከቆላው ማርና ሰም እየገዙ ወደ ደጋው ገበያ የሚያወጡ፣ ሲመለሱም አሞሌ ጨው ይዘው የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ለፊደል ማስቀመጥ ያልተለመደ ቢሆንም፣ ወንድማቸው ከመሪጌታው ዘንድ ሲቆጥር እርሳቸው ከደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ እየፈለቀቁ ይሰሙ ስለ ነበር፣ ፊደሉን ከእርሱ ቀድመው ለዩ፤ መሪጌታውም ይህን ባዩ ጊዜ ወደ ውስጥ አስገብተው ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ አስተማሯቸው። ልጅ ሳሉ ሳቂታ እንደ ነበሩ፣ ሳቃቸውም ከወንዝ ማዶ እንደሚሰማና እናታቸው ስለዚሁ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቆነጠጧቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና ወንድማቸው ይነግሩን ነበር።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በአባታቸው የንግድ ባልንጀርነት የታወቁትን አቶ ምንውየለትን በሕግ አገቡ። አባታችን አቶ ምንውየለት ዝምተኛ፣ በመንገድ ላይ ደፋር፣ በቤት ውስጥ ግን ቃል የሚያጥራቸው ሰው ነበሩ። በ1891 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የሚመጣው የጨርቅና የሳሙና ንግድ በአሶሳ እየደራ ስለ ሄደ፣ ባለቤታቸውንና የመጀመሪያ ልጃቸውን እህታችንን ወለተ ማርያምን ይዘው ወደዚህ አገር ተሻገሩ። እናታችን የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ በተመረገ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እነሆ በዚህ በራስጌያቸው የተቀመጡት እማማ ኡምኩልሱም በዚያን ጊዜ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበሩ። አንዷ በርታኛ፣ ሌላዋ አማርኛ ብቻ እየተናገሩ በእጅና በዓይን መግባባት ጀመሩ፤ ኋላም አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ተማረች። ወንድሞቻችን ቢያድግልኝና ሞላ በዚህ ከተማ ሲወለዱ እማማ ኡምኩልሱም በእጃቸው ተቀበሏቸው።

በ1899 ዓ.ም. ፈንጣጣ ወደ አሶሳ ገባ። ቢያድግልኝ ሰባት ዓመቱ፣ ሞላ አራት ዓመቱ ነበር። ትንሹ በማክሰኞ፣ ትልቁ በዚያው ሳምንት በቅዳሜ ዐረፉ። አባታችን ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው ቆፈሩ፤ ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣቸውም። አርባውን አውጥተው በቅሏቸውን ጫኑና ወደ ንግድ ሄዱ፤ ከዚያም በኋላ ከመንገድ ወደ መንገድ እንጂ ከቤት የሚውሉ ሰው አልሆኑም። እናታችን ጠጉራቸውን ተላጭተው ከል ለበሱ፤ ከአልጋ ወርደው በመሬት ተኙ። ገበያ መውጣትን ተዉ። ከሞት የተረፈችው እህታችን፣ ያን ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ገንፎውን አገንፍታ ስታቀርብላቸው ጉርሻውን በእጃቸው ይዘው እንደሚረሱት፣ ሰው ሲጠራቸውም ከሩቅ እንደ ተጠሩ ሁሉ ዘግይተው እንደሚመልሱ ታስታውሳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1901 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ዐብዱልቃድር የሚባል የኦምዱርማን ሰው በኩርሙክ በኩል አድርጎ፣ ሁለት አህያ ጭኖ ወደ አሶሳ ገባ። ይህ ሰው በካርቱም ለአንድ የውጭ አገር ተወላጅ ተቀጥሮ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማሳያ መሣሪያ በእጁ ሲያሽከረክር የኖረ፣ ኋላም አሮጌውን መሣሪያ ከነጥቅልሎቹ ወስዶ በየአገሩ እየዞረ ለማሳየት የተነሣ ነበር። አሶሳ እንደ ደረሰ ግን ዝናቡ በርትቶ፣ ወንዞቹም ሞልተው መመለሻ ስለ አጣ፣ ዕቃውን እርጥበት እንዳያበላሽበት ደረቅ ስፍራ ፈለገ። አባታችን ለንግድ ወደ ወለጋ ሄደው በዚያው ክረምቱ ስለ ያዛቸው መጋዘናችን ከጥቂት ማሽላ በቀር ባዶ ነበር፤ እማማ ኡምኩልሱምም ሰውየውን ይዘው መጥተው ለመኑ፤ እናታችን እሺም እምቢም ሳይሉ ቁልፉን ሰጡ።

መሣሪያው በናስ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ ከውስጡ የጋዝ መብራት ይበራል፤ በፊቱ መስተዋት አለው፤ እጀታው ሲዞር እንደ ቀንድ ያለ ቀጭን ጥብጣብ በመብራቱ ፊት ያልፋል፤ በጥብጣቡ ላይ ያለው ሥዕልም በግድግዳው ነጭ ጨርቅ ላይ ጐልቶ ይንቀሳቀሳል። ዐብዱልቃድር ጥብጣቦቹ እንዳይጣበቁ በየጊዜው ማዞር ነበረበትና፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የመጋዘኑን መስኮት በቁርበት ጋርዶ ሲያዞር፣ እናታችን ወንፊት ሊወስዱ በሩን ከፍተው ገቡ።

በጨርቁ ላይ አንድ ወፍራም ጢም ላጭ ነበር። ደንበኛውን አስቀምጦ ጢሙን ላጨው፤ የተላጨው ጢም ወዲያው በላጩ በራሱ አገጭ ላይ በቀለ። ደነገጠና የራሱን ላጨ፤ ጢሙ ተመልሶ ከደንበኛው ላይ ወጣ። ላጩ እየተቆጣ፣ ምላጩን እየወረወረ፣ አንዱን ሲላጭ በሌላው ሲበቅል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ጢም አልባ ሆነው ሲተቃቀፉ የተቀመጡበት ወንበር እስከ መሬት የሚወርድ ጢም አበቀለ። እናታችን ወንፊቱን እንደ ያዙ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወንበሩ ጢም ባወጣ ጊዜ ሳቁ። እህታችን ከጓዳ ሆና ድምፁን ስትሰማ የማን እንደ ሆነ አላወቀችውም፤ እማማ ኡምኩልሱም ግን ከአጥር ማዶ አውቀውት፣ እጃቸው ሊጥ እንደ ሆነ ሮጠው መጡና፣ ያን ጊዜ በሚችሉት አማርኛ፦ «የዝናሽ ሳቀ፤ እኔ ሰማሁ። ሐምዱሊላህ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐብዱልቃድር ጥብጣቦቹን በሚያዞርበት ጊዜ ሁሉ እናታችን ከእህታችንና ከእማማ ኡምኩልሱም ጋር ገብተው ይቀመጡ ነበር። ድስቱን በከፈተ ቁጥር ዳክዬ እየወጣበት፣ ከዳክዬዎቹም በኋላ ከበሮ መቺ ወጥቶበት፣ በመጨረሻ ድስቱ ራሱ እግር አውጥቶ ጥሎት የሄደውን ወጥ ሠሪ ያያሉ፤ በግድግዳ ላይ የሚራመዱትን ጫማዎቹን በካልሲ ብቻ ሆኖ የሚያባርረውን ሹም መሳይ ሰው ያያሉ። ዐብዱልቃድርም ብልሃቱን አልደበቀባቸውም፤ ሥዕሉ ሲነሣ መሣሪያውን ቀጥ ያደርጉታል፣ ሰው ሁሉ እንደ ቆመ ይቆያል፣ ዕቃው ይለወጣል፣ ከዚያም እንደገና ያዞራሉ ብሎ አስረዳቸው። እናታችን ይህን ካወቁ በኋላ ሳቃቸው የጨመረ እንጂ የቀነሰ አልሆነም፤ ትልልቅ ሰዎች ሚስትና ልጅ እያላቸው አንድ ወንበር ጢም እንዲያወጣ ብለው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲደክሙ መዋላቸው እጅግ ያስደስታቸው ነበር።

ነገር ግን ሳቁ ከአጥር ወጣ። ልጆቿን ቀብራ ከል የለበሰች ሴት፣ ባሏ በሌለበት፣ ከባዕድ ሰው ጋር በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ትስቃለች ተባለ። እህታችንና እማማ ኡምኩልሱም አብረው መኖራቸውን ወሬው ትቶት ነበር። ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሴቶቹ ዝም ይሏቸው ጀመር። ከነጋዴዎቹ አንዱ፦ «ሐዘኗ የውሸት ነበረ» ብሎ መናገሩን ሲሰሙ፣ እናታችን ያን ዕለት መጋዘን አልገቡም፤ በማግሥቱ ግን ገቡ።

አባታችን በመስከረም 1902 ዓ.ም. ከወለጋ ሲመለሱ ወሬው ከከተማው መግቢያ ላይ ተቀበላቸው። ቤታቸው ሳይገቡ የንስሐ አባታቸውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠርተው፣ በጓሮው ሾላ ሥር ተቀምጠው እናታችንን አስጠሩ። ንብረት ተካፍለው ሊለያዩ የወሰኑ መሆናቸውን አባታችን ኋላ ለእህታችን ነግረዋታል። እናታችን መጥተው ቆሙ፤ ምን ትያለሽ ተብለው ሲጠየቁ፦ «ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ከቤቴ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ» አሉ። አባታችን፦ «ልጆቼ አፈር ውስጥ ናቸው፤ እኔ መሳቂያ ልመለከት ነው የተቀመጥሁት?» ብለው ተቆጡ፤ ቄሱ ግን ተነሥተው ወደ መጋዘኑ ስላመሩ ሁሉም ተከተሏቸው።

ዐብዱልቃድር መብራቱን አበራ። የጢም ላጩን ሲያሳይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ አባታችን ፊታቸው አልተፈታም። ቀጥሎ የመጣው አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዞ በአበባ ቦታ የሚሄድበት ነበር። ሽማግሌው ጃንጥላውን ሲዘረጋው ከውስጡ አንድ ሕፃን ዱብ አለ፤ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሌላ ወረደ፣ እርሱም እጅ ነሣ። ሕፃናቱ ሞልተው ተያይዘው ዞሩ፣ ሽማግሌውን ከበው ጨፈሩ፤ ከዚያ አንድ ባንድ እየዘለሉ ወደ ጃንጥላው ተመልሰው ገቡ፤ ሽማግሌውም ጃንጥላውን አጥፎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ጨርቁ ባዶ ሆነ። አባታችን፦ «እንደገና አዙረው» አሉ። ዐብዱልቃድር ደገመው። የመጨረሻው ሕፃን ሲገባ፣ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ያላለቀሱት አባታችን፣ በሽማግሌዎቹና በቄሱ ፊት፣ የማሽላ ከረጢት ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እናታችን አጠገባቸው ተቀመጡ። የንስሐ አባታቸው ሽማግሌዎቹን ይዘው ሲወጡ፦ «እዚህ ውስጥ የምፈርድበት ነገር አላየሁም» ብቻ አሉ፤ ነገሩም በዚሁ አበቃ።

አባታችን በዚያ ዓመት ለንግድ አልወጡም። የከሉም ጊዜ ተፈጽሞ እናታችን ነጭ ለበሱ። በኅዳር 1903 ዓ.ም. እኔ ስወለድ፣ ሰው ሁሉ ማስረሻ እንድባል ሲመክር፣ እናታችን የሚረሳ ልጅ የለኝም ብለው እምቢ አሉና በአባታቸው ስም ገብረ ሥላሴ አሉኝ።

ዐብዱልቃድር መንገዱ ሲደርቅ ሄደ፤ በየበጋው ግን ይመለስ ነበርና ከተማው ሁሉ የሰደበውን መጋዘን ከተማው ሁሉ ይሞላው ጀመር። በ1905 ዓ.ም. በንዳድ ታሞ ቤታችን ደረሰ፤ እናታችንና እማማ ኡምኩልሱም ተረዳድተው አስታመሙት፤ አልተረፈም። የሙስሊም ወገኖቻችን በሥርዓቱ ቀበሩት፤ እናታችንም ዘመድ እንደ ሞተባቸው ሁሉ ለቅሶ ተቀመጡ። መሣሪያው ከእኛ ዘንድ ቀረ፤ የሚያውቅበት ግን አልነበረም፤ ጥብጣቦቹም በሁለት ክረምት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ እንደ ሬንጅ ቀልጠው፣ ኋላም ዱቄት ሆነው ጠፉ።

እናታችን ግን አንዱንም አልረሱም። ኢቲዳል የምትባል የጎረቤት ልጅ የበኩር ልጇ ሞቶባት እህል እምቢ ባለች ጊዜ፣ እማማ ኡምኩልሱም እናታችንን ይዘዋቸው ሄዱ። እናታችን መጀመሪያ ከእርሷ ጋር አለቀሱ። በየቀኑ እየሄዱ፣ ሰልስቱም ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ጢም ላጩ መናገር ጀመሩ፤ እጃቸውን ምላጭ አድርገው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ በተሰባበረው በርታኛቸው። ኢቲዳል ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ሰማች፤ እናታችን ሆን ብለው ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ዝም ቢሉ፦ «ከዚያስ?» አለች። የወንበሩን ጢም ከሰማች በኋላ ገንፎ ቀመሰች። ይህችው ኢቲዳል ዛሬ ከአምስት ልጆቿ ጋር ከመካከላችን ቆማለች።

ከዚያ ወዲህ ልጅ በሞተበት ቤት ሁሉ ይጠሯቸው ነበር። ሁሉም ቤት ተቀበላቸው ማለት አይደለም፤ አንዲት እናት በልጄ ላይ ታሾፋለች ብላ በሰው ፊት አስወጥታቸዋለች። እናታችንም መብቷ ነው ብለው ተመለሱ፤ ሲያልፉ ግን ውኃዋን ቀድተው በደጃፏ ማስቀመጥ አልተዉም።

በ1915 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አባታችን የዳቡስን ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውኃ ወሰዳቸው። አስከሬናቸው አልተገኘም። እናታችን ይህን ሐዘን እንደ ፊተኛው በመሬት ተኝተው ሳይሆን፣ እየሠሩ፣ እየነገዱ፣ እኔን እያስተማሩ ተሸከሙት፤ ዳሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን የጢም ላጭ ነገር አላነሡትም፤ ሲጠሯቸውም ሄደው ያለቅሱ ነበር እንጂ አይናገሩም። ዓመቱ ሲሞላ እማማ ኡምኩልሱም አንድ ማለዳ መጥተው፣ እናታችን ጥጥ በሚፈትሉበት ፊት ለፊት ተቀመጡና በአማርኛ ያወሩ ጀመር። ላጩን ረስተው ወጥ ሠሪ አደረጉት፤ ድስቱን ላጨው አሉ፤ ጢሙንም ከወንበሩ ነጥቀው ለፍየል ሰጡት። እናታችን፦ «ፍየል እኮ ድሮም ጢም አላት» ቢሏቸው፣ እማማ ኡምኩልሱም ትንሽ አስበው፦ «ለሁለተኛ ጊዜ ነዋ» አሉ። ሁለቱም እንዝርቱ ከእጃቸው ወድቆ እስኪንከባለል ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም ተቃቅፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ። እኔ ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ውስጣቸውን የሚያምም ደዌ ያዛቸው። የአገሩ መድኃኒት ተሞከረ፤ ጠበልም ተጠመቁ፤ ከነጋዴ ጋር የመጣ ሐኪምም አይቷቸው ነበር፤ ሆኖም በሽታው እየበረታ ሄደ። ሥጋቸው አልቆ ድምፃቸው ሲደክም፣ የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠሩ ልጁን፣ ከብቱንና እርሻውን ይጠይቁ ነበር። ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ሁላችንንም መርቀው፣ በየካቲት 16 ቀን 1926 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ዓይናቸውን የከደኑት እማማ ኡምኩልሱም ናቸው። ከከደኑም በኋላ እጃቸውን ሳያነሡ ረዥም ጊዜ ቆዩ፤ እኛም ያንሡ ለማለት አልደፈርንም።

ወይዘሮ የዝናሽ እህታችንን ወይዘሮ ወለተ ማርያምን፣ እኔን፣ አራት የልጅ ልጆችንና በደጋው ያሉ የወንድማቸውን ልጆች ትተው ተለይተውናል። ከሥጋ ዘመድ ይልቅ የቀረቡት እማማ ኡምኩልሱም፣ ኢቲዳልና ስማቸውን ጠርቼ የማልጨርሳቸው የዚህ አገር እናቶችም ከሐዘንተኞቹ ይቈጠሩልን። ባለቤታቸው አቶ ምንውየለት፣ ልጆቻቸው ቢያድግልኝና ሞላ ቀድመዋቸው ሄደዋል።

አምላከ ምሕረት ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከቀደሟቸው ጋር በብርሃኑ ስፍራ ያሳርፍልን። እናንተንም መንገዱ አድክሟችሁ፣ ፀሐዩ አቃጥሏችሁ ከጎናችን የቆማችሁትን ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን። ለሁላችንም ስናለቅስ አብሮን የሚያለቅስ፣ ስንስቅም የማይፈርድብን ጎረቤት አያሳጣን። አሜን።